ፌዝ ያነሰው ወፍጮ

ሞጣ ውስጥ ፋንታን የሚያውቅ ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ካየ ሰላም አይለውም። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ እየቆጠረ ነው። የተቃጠለ ሞተር ሆድ ዕቃው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ እሱ ደግሞ ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ በእንጨት ቅርጽ ላይ እያዞረ «ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት» ይላል በልቡ። አንድ ዙር ከዘለለ ሞተሩ ያኮርፋል፤ ብዙ ከዘለለ ትኩሳት ይይዘዋል። አንድ ቀን ጠባዩን የማያውቅ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «እንደምን ዋልህ?» ቢለው «አርባ አንድ» ብሎ መለሰለት አሉ። እንግዳውም ዕድሜውን የነገረው መስሎት «አይመስልም! እግዜር ይጠብቅህ» ብሎ መርቆት ሄደ።

ሥራው ሞተር መጠቅለል ነው። የውኃ መሳቢያው፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ፣ ነዶ የጠቆረ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ስሙ «ጠቅላይ» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ይርገዱ እንኳ ምሳ ይዛ ስትመጣ «ጠቅላያችን አሉ?» ብላ ነው ከደጅ የምትጣራው።

ከሽቦ በፊት ግን ሌላ ነገር ይቆጥር ነበር። ፋንታ የተወለደው ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነው። በልጅነቱ ዲማ ገብቶ አራት ዓመት ቅኔ ቆጠረ። ቅኔ የሚቆጥር ሰው አንዲቱን ቃል እያገላበጠ ሲያያት ይውላል፤ ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ፣ ሁለቱን በአንድ ጀርባ የሚሸከመው ደግሞ ኅብር። ጎበዝ ነበር ይባላል። አንድ ቀን የተማሪውን እህል ሊያስፈጭ ቢቸና ባይወጣ ኖሮ ምናልባት ይኼኔ መሪጌታ ፋንታ እንል ነበር።

ወፍጮው የመብራት ነበር። ጭስ የለው፣ ውኃ የለው፣ ብቻ ይዞራል።

«ጌታው፣ ማነው የሚያዞረው?» አለ ባለወፍጮውን።

«መብራት ነዋ!»

«መብራት ያበራል እንጂ ያዞራል እንዴ?»

«ዱቄትህን ያዝና ሂድ፣ የቆሎ ተማሪ! እኔን እያዞርኸኝ ያለኸው አንተ ነህ!»

ዱቄቱን ተሸክሞ ተመለሰ፤ ጥያቄው ግን አብሮት መጣ። በዓመቱ የኔታን ሊሰናበት ገባ። የኔታ አልተቆጡም። «አንተ ያልተፈታ ነገር ፊት መቆም ትወዳለህ» አሉት። «ሂድ። ስትቆም ግን የሰው መንገድ እንዳትዘጋ።»

ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሞተሩ ለምን እንደሚዞር አውቋል። አንዱ ጥያቄ ሲፈታ ሌላው እየተቋጠረ፣ ደብተሩ ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ።

ከፋንታ ሥራ ቤት አጠገብ የሰይድ ሱቅ አለ። ሰይድ አያት ቅድመ አያቱ ሞጣ ውስጥ የነገዱ፣ እሱም ከምስማር እስከ ጀኔሬተር የሚሸጥ፣ ቀልድ ካልነገረ ሻይ የማይወርድለት ሰው ነው። የሱቁን በር ነፋስ እንዳይዘጋበት በአንድ ግራጫ የብረት ሣጥን ያስይዘዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፋንታ ያን ሣጥን ተራምዶት አልፏል። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ሣጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈችው ጽሑፍ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ወገብህን ያዘህ እንዴ?» አለ ሰይድ ከውስጥ።

«ሰይድ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን? በሬን?»

«በሩን የያዘውን!»

«አዲስ አበባ ከተዘጋ ፋብሪካ ዕቃ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ኢንቨርተር ይላል። የሶላር ነው ብዬ ለስንቱ አሳየሁ፤ የባትሪ ማስገቢያ የለውም። ባትሪ የማይበላ ኢንቨርተር ምን ይባላል? ድንጋይ ይባላል።»

«የሶላር አይደለም። አንድ ፌዝ ገብቶ ሦስት ፌዝ ይወጣል ይላል።»

«አንድ ገብቶ ሦስት የሚወጣበት ንግድ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ» አለ ሰይድ። ፋንታ ግን አልሳቀም። ሐሳቡ ሞጣን ለቅቆ ቢቸና ገብቷል፤ ወይዘሮ ስርጉት ደጅ።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ፌዝ ጥቂት እናውራ። የመብራት ሰዎች ኃይል ይዛ የምትመጣውን እያንዳንዷን ሽቦ «ፌዝ» ይሏታል። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን አንዷ ትበቃለች። የወፍጮ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይፈልጋል። በአንድ ሙቀጫ ሦስት ሴቶች ሲወቅጡ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ ነው፤ የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሣል፤ ሙቀጫው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም። ሦስቱ ፌዞችም ሞተሩን እንዲያ እየተቀባበሉ ያዞሩታል።

ወይዘሮ ስርጉት የሽሮና የበርበሬ ወፍጮ አላቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚያው ወፍጮ ነው። ድሮ የተከሉት ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሦስት ፌዝ ባለበት የኪራይ ቤት ነበር። አከራዩ ቤቱን ሲፈልገው ነቅለው ወደ ገዛ ግቢያቸው አመጡት። የግቢያቸው መስመር ደግሞ አንድ ፌዝ ብቻ ሆኖ አረፈው። ለአንድ ፌዝ የሚሆን ሌላ ሞተር ፈልገው አጡ። በመጨረሻም ማመልከቻ አጻፉ፤ ጸሐፊው ጎረቤት ያለ ክፋት «በሰፈራችን ያለው ፌዝ አንድ ብቻ በመሆኑ ተጨማሪ ፌዝ እንዲደረግልን» ብሎ አሳመረው። ምሶሶና ሽቦ በተራ ነው፣ ይጠብቁ ተባሉ። ማመልከቻው ግን ተራውን ሳይጠብቅ ሰፈሩን ዞረ። ፌዝ ጨምሩልን ብሎ ማመልከቻ! ቢቸና ደግሞ ኅብር ቃል አግኝታ የምታልፍ አገር አይደለችም። ሳምንት ሳይሞላ ግጥሙ ወጣ፦

ስርጉት ወፍጮ ቤት እህል ይዘን ሄደን፣
ፌዙ አነሰኝ ብላ አልቅሳ ሸኘችን።

ስምንት ወር አለፈ። ወይዘሮ ስርጉትም ተስፋ ቆርጠው አቶ ዳምጤ ለሚባሉ የግንደወይን ሰው ወፍጮውን ሊሸጡላቸው ተስማሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ቅዳሜ በአይሱዙ ጭነው ሊወስዱት ነው። ይህን ሁሉ ፋንታ ያውቃል፤ ከአራት ዓመት በፊት ያን ሞተር የጠቀለለው እሱ ነውና ደውለው ነግረውት ነበር። አሁን ደግሞ እሱ ደወለ።

«እትዬ ስርጉት፣ ወፍጮውን አይሽጡት።»

«ምን ላድርገው ታዲያ፣ ልብላው?»

«ሦስት ፌዝ አግኝቻለሁ።»

«የት?»

«ሰይድ በር ላይ።»

«ወንድምዓለም፣ አንተም ጀመርህ?» አሉና ሊዘጉ ሲሉ ለመነ። በመጨረሻም «ዳምጤ እስኪመጣ ጊዜ አለህ» አሉት። «ቅዳሜ ወፍጮው ከፈጨ አልሸጥም። ካልፈጨ ግን ቃሌን አላጥፍም፤ ይጫናል።»

ፋንታ በዚያው ቀን ሣጥኑን ፈታው። እውነቱን ለመናገር፣ ደውሎ ቃል የገባው የሰው ወፍጮ ሊያድን ቢሆንም፣ ካቻቢቴውን ያስነሣው ሌላ ነገር ነበር። ውስጡ ምን አለ?

ውስጡ ያለው ነገር ይበልጥ አስገረመው። ከመስመር የሚመጣው መብራት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ሣጥኑ መጀመሪያ ይህን ተመላላሽ ቀጥ ያደርገዋል። ቀጥ ያለውን ጣሳ በሚያካክሉ ሁለት ካፓሲተሮች ውስጥ እንደ ጋን ያጠራቅመዋል። ከዚያ በስድስት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሳልፎ እንደገና ተመላላሽ ያደርገዋል! «መልሶ ሊያጣምመው ከሆነ ለምን አቀናው?» ብሎ ጻፈ ደብተሩ ላይ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ሌላም ጻፈ፤ «ማብሪያ ማጥፊያ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፣ መክፈትና መዝጋት። ማዕበልን የሚያህል ለስላሳ ነገር ከየት አመጣ?»

ካፓሲተሮቹን በሚመለከት አንድ ነገር በራሱ ቆዳ ተማረ። ሣጥኑን ሞክሮት፣ ከመስመር ነቅሎት፣ ውስጡን ሊነካ እጁን ሲሰድ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመው መብራት ገና አልተቀዳም ነበር።

«የበር ድንጋይ ሲነክስ ገና ዛሬ አየሁ» አለ ሰይድ።

የማዕበሉን ጥያቄ የፈታችለት ጸደንያ ናት፤ ከሀዋሳ ተመድባ የመጣች የፊዚክስ መምህርት። የአከራዮቿን የውኃ ፓምፕ ልትወስድ ገብታ ፋንታን ሣጥኑ ላይ እንዳፈጠጠ አገኘችው።

«ጋሽ ፋንታ፣ ታመሙ እንዴ?»

«መምህርት፣ ተቀመጪ። ስድስት በር አለ፤ ወይ ክፍት ወይ ዝግ፤ ገርበብ ማለት አያውቁም። እንዴት አድርገው ነው ማዕበል የሚሠሩት?»

ጸደንያ ዓይኗ በራ። ደብተሩን ተቀብላ አጥር የመሰለ ነገር ሣለችበት፤ ቀጫጭን እንጨት፣ ወፈር ያለ፣ በጣም ወፍራም፣ እንደገና ቀጭን። «በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ» አለች። «ክፍቱ ሲረዝም ብዙ ይገባል፤ ሲያጥር ጥቂት። ሞተሩ ደግሞ ከባድ ነው፤ እያንዳንዷን ብልጭታ ተከትሎ መሮጥ አይችልም። የሚሰማው ድምሩን ነው።» በአጥሩ ላይ አንድ ለስላሳ ማዕበል አሰመረች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ላይ ላዩ ቁርጥራጭ ነው?»

«አዎ።»

«ውስጡ ግን ወጥ ነው?»

«አዎ፣ ልክ ነው።»

ፋንታ ብድግ አለ። «ይኼ እኮ ቅኔ ነው! ቁርጥራጩ ሰም፣ ማዕበሉ ወርቅ! ሞተሩ ደግሞ እንደ በቃ ሊቅ በሰሙ አይደነግጥም፤ ረጋ ብሎ ወርቁን ብቻ ያወጣል!»

ጸደንያ ሳቋ መጣ። «እኔ ይህን ተማሪዎቼን ሦስት ቀን አስተምሬ ለአንዱም አልገባው።»

«ቅኔ ቤት ላኪያቸው።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት የፋንታ የሠርግ ሳምንት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስሮ በሣጥኑ አዞረው። የሣጥኑን ጉልላት የመሰለች ማዞሪያ ወደ ግራ ሲያደርግ ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ያዘግማል፤ ወደ ቀኝ ሲያደርግ ይበራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየው ሞተር አንድ ፍጥነት ብቻ የሚያውቅ ነበር! አጠገቡ ራዲዮ ሲከፍት ሣጥኑ በራዲዮው ውስጥ እያፏጨ ይዘፍናል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ዜማው ይለወጣል። እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ጻፈው። ሰይድ በሩን በድንች ጆንያ አስይዞ፣ «ጎረቤቶች፣ ጠቅላዩ ዛር ወርዶበታል፣ ሽቶ አምጡ» እያለ ላላፊ አግዳሚው ይናገራል።

በመጨረሻ ቴስተሩን አውጥቶ ከሣጥኑ የሚወጣውን ኃይል ለካ። ቴስተሯ ሦስት መቶ ሰማንያ ምናምን አለች። ፋንታ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ፌዝ ማለት ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት ነው፤ ጠቅልሎ የላከው ሞተር ሁሉ ለዚያ ነው የተጠቀለለ። ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። ያችን ቁጥር እናንተ ያዙልኝ።

ዓርብ ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርተው በሚኒባስ ተሳፈሩ። ሰይድም መጥቷል። ሣጥኑ በፋንታ ጭን ላይ ነው። ግንደወይንን አልፈው፣ ደብረ ወርቅን አልፈው፣ አቧራ ለብሰው ቢቸና ገቡ። ወይዘሮ ስርጉት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ተቀበሏቸው፤ ሣጥኑን አየት አድርገው ግን «ይኼ ነው?» አሉና ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። ባለእህሉ፣ ባለወሬው፣ ግጥሙን ያወጣው ሰው ሳይቀር ተሰልፏል። አቶ ዳምጤም በሰዓታቸው ደረሱ፤ ቁመተ ረጅም፣ ነጠላ ያጣፉ፣ ትሑት ሰው ናቸው። «እኔ አልቸኩልም» አሉ አጥር ተደግፈው። «የሚቸኩለው አይሱዙው ነው።»

ፋንታ ሣጥኑን አገናኘና ማዞሪያውን ቀስ ብሎ አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ቺንጋው ወፍጮውን ይዞት ዞረ። ስምንት ወር ዝም ያለ ወፍጮ ሲዞር ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሰይድ እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፋ።

ወይዘሮ ስርጉት ግን አልሳቁም። «ባዶውንማ ነፋስም ያዞረዋል» ብለው ክኩን ጨመሩበት።

ሞተሩ አቃሰተ። ዘገመ። ቆመ። ሣጥኑ ቀይ ፊደል ብልጭ አደረገና ዝም አለ።

እንደገና አስነሡት። ባዶውን ይበራል፤ ክክ ሲቀምስ ይቆማል። ሦስተኛ ሞከሩ። አራተኛ ሲሞክሩ ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ፌዝ አነሰን ስንል ይኸው ሦስቱም በአንድ ቀን ደረሰልን!» አለች፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የፋንታ ጆሮ ጋለ።

ወይዘሮ ስርጉት ክንዱን ይዘው ከወፍጮው ጀርባ ወሰዱት። «ወንድምዓለም፣ አትዋሸኝ። የመጣኸው ወፍጮዬን ልታስነሣ ነው ወይስ ሣጥንህን ልታይ?»

ፋንታ መሬት መሬት አየ። «ሁለቱንም፣ እትዬ።»

«የቱ ይበልጣል?»

ውሸት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። «ሣጥኑ» አለ።

ፊቱን ትክ ብለው አዩት። የሚሰድቡት መስሎት አንገቱን ደፋ።

«በል እንግዲያ ለሣጥንህ ስትል አስነሣው» አሉት። «ለኔማ ብለህ ቢሆን አዝነህልኝ ትሄድ ነበር። እሱን ግን ሳታውቀው ከዚህ አትንቀሳቀስም።»

ተመልሶ ሞተሩ ፊት ተቀመጠ። ባዶውን ይዞራል። ኃይል ያንሰዋል። ኃይሉ ደግሞ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው፤ ተለክቷል። ማን ለካው? ቴስተር። ቴስተር ምን ዓይነት ሰሚ ነው? ፋንታ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ ወርቁን ይሰማል ብሎ ለጸደንያ የሰበከ እሱ አይደለም? ቴስተሯ ግን ቀላል ናት፣ ርካሽ ናት፣ ችኩል ናት። ቁርጥራጩ ፊቷ ላይ ሲፈነዳባት የሰማችውን ሰም ተሸክማ ሮጠች፤ እሱም እሷን አምኖ ደብተሩን ዘጋ!

«ረጋ ያለ ምስክር አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ሽማግሌ ይጠራ ነው የሚለው?» አለ ሰይድ።

«አምፖል! አሮጌውን፣ ቢጫውን፣ የሚያቃጥለውን። ነጩ አይሆንም።»

ያን አምፖል ዛሬ ማን ይዞ ይገኛል? ሁሉም ለውጦታል። ወይዘሮ ስርጉት ግን ቤት ገብተው ጫጩቶቻቸውን የሚያሞቁባቸውን ሁለት አምፖሎች ነቅለው አመጡ፤ ጫጩቶቹ ከኋላቸው እየጮኹ። ፋንታ ሁለቱን አምፖሎች አንዱን ከሌላው አስከትሎ አሰራቸው። እንዲህ ሲታሰሩ የሚመጣውን ኃይል እኩል ይካፈላሉ። የአምፖል ክር እስኪግል ጊዜ ስለሚወስድ በብልጭታ አይታለልም። የሚወጣው ሦስት መቶ ሰማንያ ከሆነ ሁለቱም ይደምቃሉ።

አበራ። አምፖሎቹ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ቀላ ብለው ቀሩ።

«አነሰ!» አለ ፋንታ እየሳቀ። «በጣም አነሰ! ሁለት መቶ ሃያ ቢሆን ነው፤ የሚገባው አንዱ ፌዝ ራሱ ያን ያህል ነዋ!»

«ስላነሰ ነው የሚስቀው?» ብለው አቶ ዳምጤ ሰይድን ጠየቁ።

«እንዲህ ነው፣ ጌታው። ሲሞላለት ያለቅሳል።»

ፋንታ ግን አሁን ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ታይቶታል። በሞተሩ ውስጥ ሦስት ጥቅሎች አሉ። የሦስቱንም ጅራት በአንድ ቋጥሮ ራሳቸውን ወደ ውጭ ማውጣት ኮከብ ይባላል፤ የሚገባውን ኃይል ለሁለት ለሁለት እየተካፈሉ ይሠራሉ። ለሦስት መቶ ሰማንያ ልክ ነው። ለሁለት መቶ ሃያ ግን ግማሽ ራት በልቶ እንደማረስ ነው። መድኃኒቱ ቋጠሮውን ፈትቶ የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት እያያያዙ ሦስት ማዕዘን ማድረግ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ሙሉውን ለብቻው ይጎርሳል። ሥራው የሩብ ሰዓት ነው። የሞተሩን ክዳን ከፈተ።

ስድስት ሽቦ መውጣት ነበረበት። ያለው ሦስት ነው።

ቋጠሮውስ? ቋጠሮው ውስጥ ተቀብሯል። ጥቅሉ መሐል፣ በክር ታስሮ፣ ቫርኒሽ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። የቀበረው ማነው? ራሱ ፋንታ ነው። የሱ ሞተር የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ሦስት ሽቦ ብቻ ወጥቶ፣ ንጹሕ፣ ትርፍራፊ የሌለው። በዚህ አገር ከኮከብ ሌላ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅማ!

«ምን አለበት?» አሉ ወይዘሮ ስርጉት።

«እኔ ያሳመርሁት ነገር አለበት።»

ሞተሩን አውርዶ ከፈተው። ምላጭ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ አስመጣ። ቫርኒሹን በሙቀት እያለሰለሰ ክሩን አንድ በአንድ መበጠስ ጀመረ። መዳቡን አንድ ቦታ ከጫረው ያልቅለታል፤ ጥቅሉ ይቃጠላል፣ አይሱዙውም ይጭናል። የወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጨለም ይላልና አቶ ዳምጤ የስልካቸውን መብራት አበሩለት።

«ጌታው፣ ይኼ ከሠራ እኮ እርስዎ ባዶዎን ነው የሚመለሱ» አለ ሰይድ።

«እሱስ አዎ» አሉ አቶ ዳምጤ፤ መብራቱን ግን ይበልጥ አቀረቡት። «እስቲ ወደዚህ ዘንበል አርገው፣ ምን እንደሆነ ልየው።»

«ቅኔ መፍታት እንዲህ ነው እንዴ ጠቅላይ? ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ ሰይድ።

ፋንታ ምላጩን አስቀመጠ። ቋጠሮው ተገኝቷል። ሦስቱን ጅራቶች አላቀቀ፤ የትኛው ጅራት የየትኛው ራስ እንደሆነ እያንዳንዱን በቴስተር ፈተነ፤ ለዚህ ለዚህ እንኳ ታማኝ ናት። መቀጠያ ሽቦ በስታኞ በየደባቸው፣ ሸፈናቸው፣ አወጣቸው። አንደኛውን ራስ ከሦስተኛው ጅራት፣ ሁለተኛውን ከአንደኛው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው። ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ ሦስት ጊዜ በጣቱ ተከተለው። ቀትር አልፎ ነበር። ከሰዉ ግማሹ ሄዷል፤ የቀረው ግማሽ መሳቁን ትቶ አንገቱን አስግጓል።

ገጠሙት። ፋንታ ማዞሪያውን ነካ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ሌላ ነበር፤ ወፍራም፣ ሆዱ የሞላ ድምፅ። ማንም እልል አላለም። አሁን ሁሉም ተምሯል፤ ክኩን ነው የሚጠብቀው።

ወይዘሮ ስርጉት አንድ እፍኝ ጨመሩ። ሞተሩ ጎርነን አለ፣ ዞረ። አንድ ሳህን ጨመሩ። ትንሽ ዘገም አለ፣ ያዘ፣ ዞረ። ቁናውን በሙሉ ገለበጡበት። ወፍጮው ዋጠው። ከሥር ያለው ጆንያ መነፋት ጀመረ።

ሰይድ ፋንታን ከኋላ አቅፎ አነሣው። ፋንታ ግን ከሰይድ ክንድ ሾልኮ ሞተሩ ጀርባ ላይ መዳፉን አሳረፈ፤ ሙቀቱን ሊያውቅ። ለብ ያለ ብቻ ነው። ደብተሩን ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ ወይዘሮ ስርጉት ከዱቄቱ ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው መሐል ሲያሹ አየ። ከዚያ አፍንጫቸው ሥር አደረጉት። ቅር አላቸው።

«ምነው፣ እትዬ? ሸካራ ነው?»

«ትኩስ ነው። ወፍጮ ሲሮጥ ሽሮው ይቃጠላል፤ ጣዕሙ ይሄዳል። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፤ ምን ይደረጋል ብዬ ነው እንጂ።» ዓይናቸው ሣጥኑ ላይ አረፈ። «ይችን ነው አይደል የምታዞራት?»

«አዎ።»

«ዞር በል እስቲ።»

ፋንታ ዞር አለላቸው። ማዞሪያዋን በዱቄታም ጣታቸው ይዘው ወደ ግራ አዞሩ። ወፍጮው ረገብ አለ። ዱቄት ቆንጥረው አሹ፣ አሸተቱ። ትንሽ ደግሞ ወደ ግራ። አሹ። ትንሽ ወደ ቀኝ መለሱ። ፍጥነቱን የምታሳየው የሣጥኑ ትንሽ መስኮት ላይ ያለው ቁጥር ሠላሳ ስምንት አለ፤ ፋንታ ጻፈው። ለበርበሬስ ስንት ይሆን? ለክረምት እህልስ? ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት፤ ዱቄቱን ምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርገው እያጣጣሙ ነበር።

አቶ ዳምጤ ስልካቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ወይዘሮ ስርጉት፣ የኔ ነገር...» አሉ።

ወይዘሮ ስርጉት ከማዞሪያዋ እጃቸውን ሳያነሡ በሌላኛው እጃቸው ሳህኑን አነሡና ከቀዝቃዛው ሽሮ ሞልተው ሰጧቸው። «ለመንገድዎ ነው» አሉ። «ባለቤትዎ ይቅመሱትና ልዩነት ካለው ይደውሉልኝ።»

ከደጅ ባለእህሎቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ተራ መያዝ ጀምረው ነበር።